ማኅተሙን ማን ጠረጴዛ ላይ ጣለው?

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች እንደ ማኅተም የሚከበር ዕቃ አላየሁም። ወንበር ይሰበራል፣ ፋይል ይጠፋል፣ በር ከማጠፊያው ይወልቃል፤ ማኅተም ግን ሁልጊዜ ቁልፍ ውስጥ ነው። ባለጉዳይ ከገሱባ በሌሊት ተነሥቶ ሶዶ ይደርሳል፤ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ፊርማው ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ‹‹ማኅተም ያዧ ስብሰባ ናት›› ይባልና ለነገ ይቀጠራል። ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ የትልቅ ሰው ስም ቢጠራ ማኅተሙ አይወጣም። እኛም እናማርራለን እንጂ ሥርዓቱን አንንቅም። ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ ቢያድር በማግሥቱ ስንት ሐሰተኛ ደብዳቤ፣ ስንት ሐሰተኛ ይዞታ፣ ስንት ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ከተማውን እንደሚሞላው እናውቃለንና።

እንግዲህ ከማኅተሙ መሳቢያ አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር እንክፈተው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ቢጠይቅም 123 ነው፤ እሱም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ተከፍቶ ሲያልቅ የሚያሳየው ስም ምን ይላል? ‹‹አድሚን››። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ አድሚን ናት። ሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ሲሠራ አድሚን ነው። ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሊገለብጥ ብቅ ያለው የጸሐፊዋ ወንድምም ለዚያች ግማሽ ሰዓት አድሚን ነው። ዞኑን የሚያህል አገር አንድ አስተዳዳሪ ይበቃዋል፤ በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉት አሥር ኮምፒውተሮች ግን አሥሩም ቀኑን ሙሉ በአስተዳዳሪ ማዕረግ ሲያዙ ይውላሉ።

ዕድሜውን ልብ ወለድና ግጥም ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ኮምፒውተር ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ እኮ የሽቦና የብረት ጉዳይ አይደለም፤ የሥልጣን ጉዳይ ነው። የሥልጣን ነገር ደግሞ ኢትዮጵያዊን የማያገባው ከመቼ ወዲህ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሰውን በዕድሜውም በማዕረጉም አያውቀውም፤ ‹‹በየትኛው አካውንት ገባ?›› ብሎ ነው የሚለየው። አብዛኛው ቢሮአችን በሚሠራበት በዊንዶውስ ላይ አካውንት በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተራ ተጠቃሚ ነው። ተራ ተጠቃሚ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ኢንተርኔት ይከፍታል፣ የራሱን ፋይል ያስቀምጣል፣ ይሰርዛል። ሁለተኛው የአስተዳዳሪ ነው። አስተዳዳሪ ለሁሉም ሰው የሚሠራ ፕሮግራም ይጭናል፣ ያነሣል፣ አንቲቫይረስ ያጠፋል፣ የሌላውን ሰው ፋይል ይከፍታል፣ አዲስ ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ የነባሩን የይለፍ ቃል ይለውጣል።

አሁን ዋናው ቁም ነገር ይመጣል። አንድ ፕሮግራም ሲነሣ የሚነሣው በከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። ቫይረስም ፕሮግራም ነው። ተራ ተጠቃሚ ሳያውቅ የከፈተው ቫይረስ የተራ ተጠቃሚ አቅም ይኖረዋል። አስተዳዳሪ ሳያውቅ የከፈተው ቫይረስ ግን፣ አስተዳዳሪው አንድ ጊዜ ‹‹እሺ›› ካለው፣ ራሱ አስተዳዳሪ ሆነ ማለት ነው። ዊንዶውስ ራሱ በሚኖርበት ክፍል ይገባል፣ ዘበኛውን ያሰናብታል፣ ለራሱ የተደበቀ ስም ይፈጥራል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ቤተኛ ይሆናል። ከእናንተ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው ሁሉ የሚጽፈውን የይለፍ ቃል ሲለቅም ሊውል ይችላል።

እስቲ አንዲትን ፍላሽ አንድ ቀን እንከተላት። ለማስረዳት ያህል ነው እንጂ የማንንም ስም ለማጥፋት አይደለም። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ከግቢ ይወጣና በር ላይ ካሉት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች አንዱ ይገባል። የቤቱ ኮምፒውተር ከጧት ጀምሮ የስንቱን ፍላሽ ሲውጥ ውሏል፤ እሱም አድሚን ነው። ጽሑፉ ታተመ፤ ፍላሿ ግን አንድ እንግዳ ተሸክማ ወጣች። ማታ ለአጎቱ አዋሳት። አጎት በማግሥቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ገልብጦባት ቦዲቲ ወዳለው ቢሮው ሄደ፤ የበጀትና የወጪ ሒሳብ የሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሰካት። እዚያም አድሚን። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲያገኛቸው ‹‹ምን ጉድ ነው?›› ብሎ አንዱን ሁለቴ ተጫነ። ስክሪኑ ‹‹ልፍቀድለት ወይ?›› ብሎ ጠየቀ። ‹‹የስ›› አለ። ያቺ ፍላሽ በሄደችበት ሁሉ ‹‹ማነሽ? ከየት መጣሽ?›› ያላት የለም። በየቤቱ ማኅተሙን አስረከቧት።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲጫን መጀመሪያ ስሙን ያስገባውን ሰው ያለ ምንም ጥያቄ አስተዳዳሪ ያደርገው ነበር፤ የይለፍ ቃል አብጅ ብሎም አያስገድደውም። የእኛ ወረዳዎች ከኮምፒውተር ጋር በሰፊው የተዋወቁትም በዚያው በኤክስፒ ዘመን ነው። እናም ‹‹ኮምፒውተር ማለት የፈለግኸውን የሚያደርግልህ ዕቃ ነው›› ብለን ተማርን። ኩባንያው ስሕተቱን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ቪስታ ላይ ስክሪኑን ጨለም አድርጎ ፈቃድ የሚጠይቅ ኬላ አቆመ። ሰዉ ግን በዓለም ዙሪያ ‹‹ጨቅጫቃ!›› ብሎ ተነሣበት። እኛ ዘንድም እሱን ማጥፋት የሚችል ልጅ እንደ ባለሙያ ተቆጠረ። ኬላው እስካሁን አለ፤ እኛም እስካሁን ሳናነብ ‹‹የስ›› እንለዋለን።

እስቲ ወደ ጥፋተኞቹ እንምጣ። አንደኞቹ አለቆቻችን ናቸው። አንድ ወጣት የአይቲ ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ የተማረውን በተግባር ላውል ብሎ የኃላፊውን አካውንት ወደ ተራ ተጠቃሚ ቢለውጠው የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

‹‹አንተ ልጅ! ኮምፒውተሬን ምን አድርገኸው ነው የይለፍ ቃል የሚጠይቀኝ?››

‹‹ጋሼ፣ ለጥንቃቄ ነው። የዕለት ሥራዎን አይነካብዎትም።››

‹‹እኔ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆኜ በገዛ ቢሮዬ የምከለከለው ነገር አለ?››

‹‹ኧረ የለም ጋሼ፣ ግን…››

‹‹ግን የለም። እንደነበረው አድርግልኝ!››

ልጁም እንጀራው ነውና እንደነበረው ያደርገዋል። ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚለው ተረት ኮምፒውተር ውስጥም ገብቷል ማለት ነው። ጋሼ ያልገባቸው ነገር፣ ኮምፒውተር ላይ አድሚን መሆን ማዕረግ አለመሆኑን ነው። ማዕረግ ከሆነም ከሳቸው ጋር አብሮ የሚሾመው ያ ፍላሽ ላይ ያለው እንግዳ ነው። ከጸሐፊዋ ይልቅ ኃላፊው፣ ከተላላኪው ይልቅ ገንዘብ ያዡ መጠንቀቅ አለበት፤ ሌባ የሚያነጣጥረው ብዙ ወዳለበት ነውና።

ሁለተኞቹ ‹‹ፎርማት ይደረግ›› ባዮች ናቸው። ኮምፒውተር ሲታመም ወደ ጠጋኝ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ፎርማት። የልጅ ፎቶ፣ የስንት ዓመት መዝገብ፣ ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ይጠረጋል። በሽተኛውን ገድሎ በሽታውን አዳንኩ ማለት ይህ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ ሲመለስ የመጀመሪያው አካውንት ምንድን ነው? አድሚን! የይለፍ ቃሉስ? የለውም! በወሩ ያው ኮምፒውተር ወደዚያው ጠጋኝ ይመለሳል። ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› ይባላል፤ የእኛ ውሻ ጮኾ ሲያበቃ ለጅቡ በሩን ከፍቶ ይተኛል።

ሦስተኞቹ እኛው ነን፤ ‹‹ክራክ›› ወዳዶቹ። በነፃ ከተገኘው ፕሮግራም ጋር የሚመጣውን መመሪያ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላል። ቀጥሎ በአስተዳዳሪነት ክፈተኝ ይላል። ‹‹ውሻህን እሰር፣ መብራትህን አጥፋ፣ በርህን ወለል አድርገህ ክፈት፣ ከዚያ እገባለሁ›› የሚል እንግዳ ቢመጣባችሁ ታስገቡት ነበር? ክራኩን ግን አስገብተነዋል፤ ቡናም አፍልተንለታል።

መልስ ይዘው የሚሟገቱ አሉ። ‹‹እኔ ዘንድ ምን የሚሰረቅ አለና!›› ይላሉ። በአንድ ተራ የቀበሌ ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳለ አስቡት። የስንቱ ሰው ልደትና ጋብቻ፣ የስንቱ ይዞታ፣ የስንቱ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር አለበት። ጤና ጣቢያ ከሆነ ማን ምን እንደታመመ አለበት። ይህ የኃላፊው ንብረት አይደለም፤ የባለጉዳዩ ገመና ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ጥሏል። አዋጅ ባይኖርስ? አደራ የሚባል ነገር የለም?

‹‹አንቲቫይረስ አለን›› ይላሉ። ጥሩ ነው፣ ይኑር። ግን ዘበኛውን የማባረር ሥልጣን ለሌባው ከሰጣችሁት የዘበኛው ጥቅም ምንድን ነው?

ከሁሉም የሚከብደው ሙግት ግን ይህኛው ነው፤ ‹‹የአይቲ ባለሙያው አንድ ነው፤ እሱም ሲፈለግ አይገኝም። ከገሱባ የመጣውን ሰው ያጉላላችው ማኅተም ያዥ አልበቃ ብላ አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩም ያጉላላን?›› እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ እኔም አልደግፍም። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። የወረቀቱ ማኅተም ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የኮምፒውተሩ ማኅተም ለደብዳቤ አያስፈልግም። ለመጻፍ፣ ለማተም፣ ሒሳብ ለመደመር፣ ኢሜይል ለመላክ የአስተዳዳሪ ሥልጣን አያሻም። የሚያሻው አዲስ ፕሮግራም ሲጫን፣ አዲስ ፕሪንተር ሲገባ፣ የሲስተሙ ቅንብር ሲለወጥ ነው። አንዲት ጸሐፊ ይህን በወር ስንት ጊዜ ታደርገዋለች? ብዙ ወር ጭራሹን አታደርገውም። አሁንም ሥራዬን የሚሠራልኝ ፕሮግራም ያለ አድሚን አልነሣም ይላል የሚል ቢኖር፣ ባለሙያው ለዚያ ፕሮግራም ብቻ መፍትሔ ይፈልግለት እንጂ በአንድ ፕሮግራም ሰበብ ቤቱ በሙሉ ክፍት አይደር።

ወላይታ በዳጣዋ ትታወቃለች። ዳጣ ጥሩ ነገር ነው፤ ያለ እሱ ሥጋው አይጥምም። ግን ዳጣን በጣት ጫፍ ነክተው ይቀምሱታል እንጂ እንደ ሾርባ በማንኪያ የሚጠጣው ሰው አይቼ አላውቅም። የአስተዳዳሪ አካውንትም እንደዚያው ነው፤ ሲያስፈልግ፣ በሚያስፈልገው ልክ፣ ከዚያ ይከደናል።

ይህን እኔ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ሊቃውንት ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ ፕሮግራምም ሆነ ተጠቃሚ ለሥራው ከሚበቃው በላይ ሥልጣን አይኑረው የሚል መርሕ አስፍረዋል። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ላይ የሚሠሩ ሰዎችም የበላዩን አካውንት ይዞ መዋልን እንደ ነውር ያዩታል። እነሱ ዘንድ ከእኛዋ ከሶዶ በአንዲት ፊደል ብቻ የምትለይ ‹‹ሱዶ›› የምትባል ትእዛዝ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ አሜሪካ ቡፋሎ ውስጥ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተጽፋ ዛሬም ትሠራለች። ሥራዋ፣ ተራ ተጠቃሚ ለአንዲት ትእዛዝ ያህል ብቻ የበላዩን ሥልጣን ተውሶ፣ የይለፍ ቃሉን አስመስክሮ፣ ጨርሶ እንዲመልስ ነው። ሱዶን የፈጠሩት ሰዎች ሶዶን ሳያውቋት አልቀሩም ይሆናል፤ ሶዶ ግን ሱዶን ማወቅ ነበረባት።

ደግሞስ ይህ አገር ኬላን ከፈረንጅ መማር ያስፈልገዋል? በወላይታ የካዎ አማዶ ኬላ የሚባል ጥንታዊ የመከላከያ ካብ አለ። ድንጋይ ተሸክመው ያን ሁሉ ካብ የካቡ ሰዎች ወጪ ገቢው ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበር። ካብ ከካቡ በኋላ በሩን ቀኑን ሙሉ ክፍት ጥለው ዞር የሚሉ ሞኞች አልነበሩም። ልጆቻቸው ግን…

ያልተጠነቀቀ ምን እንደሚያገኘው ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው ኮንፊከር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን የያዘ ትል ነበር፤ ከመንገዶቹ አንዱ ፍላሽ፣ ሌላው ደካማ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መገመት ነበር። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በዩክሬን ሰዉ ግብር በሚያሰላበት አንድ የሒሳብ ሶፍትዌር በኩል ገባ። በገባበት ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሲያገኝ እሱን ሰርቆ በኔትወርኩ ወደ ጎረቤቱ ተሻገረ። ሜርስክ የተባለው ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ለመጫን ተገደደ። ሜርስክ ገንዘብም ባለሙያም ነበረውና በቀናት ውስጥ ተነሣ። የእኛ አንድ ወረዳ የደመወዝ መዝገቡ ቢጠፋ በስንት ቀን ይነሣል? መምህሩ ባለሱቁን ‹‹ቫይረስ ነው፣ ታገሠኝ›› ብሎ ያሳምነዋል?

ነገሩ ለሶዶ ከሌላው ይልቅ አስቸኳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፍቷል፤ ኮምፒውተር በኮምፒውተር ላይ ገብቷል። የአንድ ዞን ብቻ የነበረው ጣጣ የክልል ሆኗል። ልማድ ደግሞ እንደ እርጥብ ጭቃ ነው፤ ሳይደርቅ ነው የሚስተካከለው።

ምን ይደረግ? የሚደረገው ብዙ አይደለም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት አካውንት ይኑር። መጀመሪያ አዲስ የአስተዳዳሪ አካውንት ተፈጥሮ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይበጅለት፤ በሱ ተገብቶ መሥራቱ ይረጋገጥ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ የምትሠሩበት አሮጌው አካውንት ወደ ተራ ተጠቃሚ ይለወጥ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ያላችሁን አንዱን አስተዳዳሪ ሽራችሁ ሌላ ሳትሾሙ ከቀራችሁ ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ትሆናላችሁ። ፋይላችሁ አይነካም፤ ስክሪናችሁም አይለወጥም። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ፣ ሁለት ሰው ፈርሞበት፣ ከማኅተሙ ጋር ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ባለሙያው ባይኖር ኃላፊው በፊርማ አውጥቶ ይጠቀምበታል፤ ሲጨርስ ይለወጣል። ባለሙያውም ራሱ ደብዳቤውን ሲጽፍ በተራ አካውንት ይጻፍ።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠኑ ወጣቶችን ያስመርቃል። ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ ሲወጡ ሻይ እንዲያመላልሱ ከማድረግ ይልቅ አንድ አንድ ወረዳ ቢሰጣቸው፣ ከአረካ እስከ ሁምቦ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ በአጭር ጊዜ ይስተካከሉ ነበር። የሚቸግረው ሥራው አይደለም፤ ጋሼን ማሳመኑ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላው ጥንቃቄ ይቀራል ማለቴ አይደለም። ተራ አካውንት የራሳችሁን ሰነድ ከሚቆልፍ ቫይረስ አያድናችሁም፤ እናንተ የምትነኩትን እሱም ይነካዋልና። ስለዚህ ግልባጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፣ ዊንዶውሱም ይታደስ። ልዩነቱ፣ አንዱ ሰው ሲሳሳት ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ፣ አብረውት የሚሠሩትና ቢሮው በሙሉ አብረው አይወድቁም። የአንዱ ስሕተት የሁሉ ጥፋት እንዳይሆን ነው እኮ ሰው ሥልጣንን መከፋፈል የጀመረው።

ነገ ጧት ቢሮ ስትገቡ ማኅተሙ በመሳቢያው ውስጥ መኖሩን እንደምታዩት ሁሉ፣ ኮምፒውተሩንም ከፍታችሁ በማን ስም እንደገባችሁ እዩ። ‹‹አድሚን›› ካለ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያን የአይቲ ልጅ ጥሩትና ሻይ ጋብዙት። ‹‹አንተ ልጅ›› ሳይሆን ‹‹ልጄ፣ ያን ጊዜ ያልከውን ነገር አሁን አድርግልኝ›› በሉት።